ጥቀርሻ ነው ወይስ አመድ? የጭስ ማውጫ ቃላት ሥርወ ታሪክ

የአዲስ አበባ መካኒክ ስለ መኪና ሲያወራ በሁለት መዝገበ ቃላት ይናገራል። የዕቃውን ስም ሲጠራ ከጣሊያን የመጣውን ያነሳል፤ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሬቻ፣ ፊልትሮ፣ ማርሚታ። የዕቃውን ሕመም ሲናገር ግን ወደ እናቱ ቋንቋ ይመለሳል። ሞተሩ ያስላል፣ ያስነጥሳል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ዘይት ይበላል፣ ሲብስበትም ይነክሳል። ማርሚታው ይታፈናል፣ ፊልትሮው ይደፈናል። ብረቱ ባዕድ ስም ይዞ መጣ፤ በሽታው ግን እዚሁ ተሰየመ።

ይህ ክፍፍል ለቋንቋ አጥኚ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ከአፍንጮ በር ወደ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ወደ መርካቶ ዕቃ የሚያመላልስ፣ አዲስ ሥሪት የናፍጣ ቫን ያለው ሰው አንድ ቀን ከመሪው ፊት ለፊት ብርቱካናማ መብራት ይበራበታል። መኪናው አቀበት ላይ ጉልበት ያጣል። ጋራዥ ሲገባ «ዲፒኤፉ ተደፍኗል» ይባላል። ዲፒኤፍ ከሞተሩ በሚወጣው ቱቦ ላይ የተገጠመው የጭስ ማጣሪያ ነው፤ በውስጡ ፕላቲንን የመሰሉ ውድ ማዕድናት ስለተቀቡበት ዋጋው ከቀረው የጭስ ማውጫ ክፍል ሁሉ ይበልጣል። ባለመኪናው ያንን ዋጋ መክፈሉና አለመክፈሉ የሚወሰነው «ተደፈነ» በሚለው ቃል ትርጉም ላይ ነው። ስለዚህ ጭሱ በሚሄድበት መንገድ፣ ከነዳጁ ተነስተን እስከ አፍንጫ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እንያቸው።

ባቡር፣ መኪና

ሞተር ወደ ሀገራችን ሲገባ መጀመሪያ የተሰየመው በትንፋሹ ነው። ባቡር የምንለው ቃል ሥሩ የላቲኑ «ቫፖር» ነው፤ እንፋሎት ማለት ነው። የጣሊያኑ «ቫፖሬ» እና የፈረንሳዩ «ቫፐር» ቭ እና ፕ በሌሉት በዐረብኛ አልፈው «ባቡር» ሆኑ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው የመንገድ መዳመጫ «የሰርኪስ ባቡር» ተባለ፤ በእንፋሎት የሚሠራ ነበርና ስሙ ይገባዋል። ወፍጮውም ባቡር ተባለ፤ ዛሬ ቃሉ በሐዲድ ላይ ለሚሄደው ተለይቶ ቀርቷል።

በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ወደ አዲስ አበባ ያስገባት ተሽከርካሪ እንፋሎት የላትም። እሷን የመሰሉት ሁሉ «መኪና» ተባሉ። የጣሊያኑ «ማኪና» ከላቲን፣ ላቲኑም ከግሪክ «መካኔ» ነው፤ ትርጉሙ ብልሃት ያለው መሣሪያ ማለት ነው። መኪናና መካኒክ እንግዲህ የአንድ አባት ልጆች ናቸው። የቀሩት የክፍሎቹ ስሞች በብዛት የገቡት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመንና ከዚያም በኋላ እዚሁ ቀርተው ጋራዥ በከፈቱ ጣሊያኖች በኩል ነው። ፒያሳ ራሷ ስሟን የያዘችው ከዚያው ቋንቋ ነው።

ናፍጣ፣ ነፍጥ

ናፍጣ ከጣሊያኑ «ናፍታ» ጋር እንደሚገጥም ግልጽ ነው። ነገር ግን ከሌሎቹ የጣሊያን ቃላት ጋር ጎን ለጎን አድርገን እንየው። ማርሚታ፣ ፊልትሮ፣ ቴስታታ፣ ፖስታ፤ በእነዚህ ሁሉ የጣሊያኑ ት በአማርኛም ት ሆኖ ቀርቷል። ናፍጣ ላይ ግን ት ወደ ጥ ተለውጧል። ለምን? እኔ እንደማየው ቃሉ ሲመጣ አንድ ዘመዱ ቀድሞት እዚህ ሰፍሮ ነበር። እሱም ነፍጥ ነው።

ዐረብኛ «ነፍጥ» የሚለው ከምድር የሚፈልቀውን ዘይት ነው። ጥንት ሠራዊቶች ይህንን ዘይት እያነደዱ በጠላት ላይ ይወረውሩት ነበር። ባሩድ ሲመጣ በማምሉኮች ግብፅ የዘይቱ ስም ወደ ባሩዱ፣ ከባሩዱም ወደ መሣሪያው ተሻገረ። ወደ እኛ የደረሰው በዚህኛው ትርጉሙ ነው፤ ነፍጥ አንጋች የሚለው አነጋገር ከዚያ የመጣ ነው። የሁለቱም ሥር ጥንታዊ ነው። በባቢሎን ምድር በአካድኛ «ናፕጡ» ይባል ነበር፤ ግሪኮች ከምሥራቅ ወስደው «ናፍታ» አሉት። በግሪኩ ትንቢተ ዳንኤል ሠለስቱ ደቂቅ የተጣሉበትን እቶን ለማንደድ ከተጨመሩት ነገሮች አንዱ በዚሁ ስም ተጠርቷል። ስለዚህ በጥ የሚጻፈው ናፍጣ በመጨረሻው «ኣ» የጣሊያንን፣ በመካከሉ ጥ ደግሞ የጥንቱን የሴማውያን ድምፅ ይዟል። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል ሞተሩን እ.ኤ.አ. በ1897 አሠርቶ ሲያሳይ ስሙን ለሞተሩ ሰጠ፤ ለነዳጁ ግን እኛ ጋ የጸናው ናፍጣ ነው።

ጭስ፣ ጥቀርሻ

ግእዙ ጢስ ነው። ጢስ ዓባይ እና ጢስ እሳት በሚሉት ስሞች ላይ እስከ ዛሬ ሳይለወጥ አለ። አማርኛ ግን ጥ በኢ ፊት ስትውል ወደ ጭ ይወስዳታል፤ ወንዱን «ቁረጥ»፣ «ምረጥ» የሚለው ሰው ሴቷን «ቁረጪ»፣ «ምረጪ» እንደሚለው ማለት ነው። ጢስ ጭስ የሆነው በዚሁ መንገድ ነው። ቃሉ በሀገራችን የመሬት ታሪክ ውስጥም ገብቷል። ጭሰኛ በሌላ ሰው ርስት ላይ ጎጆ ቀልሶ ጭሱን የሚያጨስ ነው፤ ማለትም ምድጃው የራሱ፣ መሬቱ የባለርስቱ የሆነ ሰው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ሲያስቀር ቃሉ የታሪክ ቃል ሆነ።

ጭስ የሚሄደው ነው፤ የሚቀረው ደግሞ ጥቀርሻ ይባላል። ሣር ክዳን ቤት ውስጥ ለብዙ ዓመት እሳት ሲነድ በጣራው እንጨት ላይ የሚጋገረው፣ በድስት ቂጥ ላይ የሚለጠፈው ጥቁር ነገር ነው። ከጠቆረና ከጥቁር ጋር ያለው ዝምድና ከፊደሉ ይታያል። ጥላሸትም ይባላል፤ የሰው ስም ማጉደፍን «ጥላሸት መቀባት» የምንለው ለዚህ ነው። በናፍጣ ሞተር ውስጥ በደንብ ሳይነድ የቀረ ነዳጅ እንዲሁ ደቃቅ ጥቁር ብናኝ ይሆናል። አማርኛ እዚህ ላይ ሁለት ቃል ማዘጋጀቱን ልብ ይሏል። የማጣሪያው ሥራ በሙሉ በእነዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል ነው፤ ጭሱን ያሳልፋል፣ ጥቀርሻውን ያስቀራል።

ማጣሪያ፣ ወንፊት፣ ፊልትሮ

ማጣሪያ ከጠራ ነው፤ በግእዝ ጽሩይ ንጹሕ ማለት እንደሆነ የቅዳሴ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ጸ በአማርኛ ጠ ሆነች፣ መጨረሻው የ ጠፋ፣ ጠራ ቀረ። ጠላ ለሚያጠልል ሰው ማጥለያ አለ፤ ዱቄት ለሚነፋ ደግሞ ወንፊት። ወንፊት ልዩ ትኩረት ይገባዋል። የመሣሪያ ስም በግእዝም በአማርኛም በመ ይጀምራል፤ መቁረጫ፣ መጥረጊያ፣ መክፈቻ። ነገር ግን በቃሉ ሥር ውስጥ እንደ በ ወይም ፈ ያለ በከንፈር የሚነገር ፊደል ሲኖር በጥንት ቃላት ላይ መ ወደ ወ ተለውጣለች። መንበር ወንበር ሆነ፣ መስፌ ወስፌ ሆነ፣ ወንፊትና ወናፍም እንዲሁ። ሁለት የከንፈር ድምፆች በአንድ ቃል ሲገናኙ ምላስ አንዱን ቀየረች።

ወንፊትና ወናፍ ዛሬ ከአንድ ግሥ፣ ከነፋ፣ የወጡ ይመስላሉ። በግእዝ ግን ሁለት ነበሩ። እፍ ማለት ነፍኀ ነው፤ ዱቄት መንፋት ደግሞ ነፈየ። አማርኛ የጉሮሮ ፊደሉን ድምፅና የመጨረሻውን የ ሲጥል ሁለቱ አንድ ሆኑ። ይህ አጋጣሚ ለጉዳያችን ይጠቅመናል፤ የጭስ ማጣሪያ ሥራው እንደ ወንፊት ነው፣ ሲጸዳ ደግሞ በነፋስ ግፊት ይነፋል።

ፊልትሮ ግን ሌላ አገር ተወልዷል። የመካከለኛው ዘመን ላቲን «ፊልትሩም» የሚለው ተረግጦና ተጠቅጥቆ እንደ ጨርቅ የጠበቀውን የበግ ፀጉር ነው። መድኃኒት ቀማሚዎችና ወይን ጠማቂዎች ፈሳሹን በዚያ ያሳልፉት ነበርና የጨርቁ ስም ለሥራው ሆነ። ዛሬ የዘይት ፊልትሮ፣ የነፋስ ፊልትሮ፣ የናፍጣ ፊልትሮ ስንል በውስጡ የበግ ፀጉር የለም፤ ቃሉ ግን አስቦታል።

ደፈነ፣ ዳፈነ

አሁን ወደ ዋናው ቃል ደርሰናል። ግእዝ ደፈነ ማለት ሸፈነ፣ ሰወረ፣ ቀበረ ማለት ነው፤ ዐረብኛም «ደፈነ» ብሎ መቅበርን ይናገርበታል። በአማርኛ ቃሉ ብዙ ልጆች አፈራ። ቀዳዳ ይደፈናል። ያልተከካ ምስር ድፍን ምስር ነው። ሙሉው ሕዝብ ድፍን አገር ይባላል። የአንዱ ትርጉም መዘጋት ሲሆን የሌላው ምሉዕነት ነው፤ ሁለቱም ግን «ቀዳዳ የሌለው» በሚለው ላይ ይገናኛሉ።

የጭስ ማጣሪያው ውስጥ ሲታይ ቃሉ ይበልጥ ይገርማል። ውስጡ እንደ ማር እንጀራ በጠባብ ቀዳዳዎች የተሞላ የሸክላ ጡብ ነው። ቀዳዳዎቹ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ክፍት አይደሉም። አንዱ በፊት በኩል ክፍት ሆኖ በኋላ በኩል ይደፈናል፤ ጎረቤቱ በፊት ተደፍኖ በኋላ ይከፈታል። ጭሱ ስለዚህ መውጫ ሲያጣ በቀጭኑ የሸክላ ግድግዳ ሰርጎ ወደ ጎረቤቱ ቀዳዳ ያልፋል፤ ጥቀርሻው ግድግዳው ላይ ይቀራል። ፈብራኪው ራሱ በዘዴ የደፈነው ዕቃ ነው ማለት ነው። ፈረንሳዊው ፔጆ እ.ኤ.አ. በ2000 በ607 ሞዴሉ ላይ ገጥሞ ለገበያ ካቀረበው ወዲህ አውሮፓ ሕጓን እያጠበቀች ስትሄድ በናፍጣ መኪና ላይ ሁሉ የተለመደ ሆነ።

ከደፈነ አጠገብ ዳፈነ አለ። ማታ ምድጃው ላይ የቀረውን ፍም በአመድ ሸፍኖ ለጠዋት ማሳደር እሳት መዳፈን ነው። የተዳፈነ እሳት አልጠፋም፤ በአመድ ውስጥ ይተኛል። ገለጥ ሲያደርጉት ይነዳል። የማጣሪያው ሕይወት ከዚህ ግሥ ጋር ይሄዳል። የተከማቸው ጥቀርሻ ካርቦን ስለሆነ ይነድዳል። መኪናው ረጅም መንገድ በአንድ ፍጥነት ሲሄድ ሙቀቱ ከፍ ይላል፤ ካልበቃም የመኪናው ኮምፒውተር ትርፍ ናፍጣ አስረጭቶ ማጣሪያውን ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያደርሰዋል። ጥቀርሻው ነዶ በማይታይ ጋዝ ይወጣል፤ ማጣሪያው ይከፈታል። በአፍንጮ በር አቀበትና በፒያሳ መጨናነቅ ውስጥ ግን መኪናው አሥር ደቂቃ ሄዶ ይቆማል። ሙቀቱ ሳይደርስ ሞተሩ ይጠፋል። የጥቀርሻው ማቃጠል ተጀምሮ ይቋረጣል። ድኝ የበዛበት ናፍጣ ደግሞ ችግሩን ያባብሳል፤ የአውሮፓ ናፍጣ በኪሎ ከ10 ሚሊግራም በላይ ድኝ እንዳይኖረው የተደነገገው አንድም ለዚህ ነው።

አመድ

ግእዙ ሐመድ ነው፤ አመድም ትቢያም ማለት ነው። ሐ ድምፁን አጥቶ አመድ ቀረ። አመድ የነደደ ነገር መጨረሻ ነው፤ ደግሞ አይነድም። ማጣሪያው ውስጥ የሚቀረው አመድ የሚመጣው ከጥቀርሻው ሳይሆን በአብዛኛው ከሞተር ዘይቱ ነው። ዘይቱ እንዳይበላሽና ሞተሩ እንዳይፋጭ የተጨመሩበት እንደ ካልሲየምና ዚንክ ያሉ ማዕድናት ጥቂቱ ዘይት ሲነድ አመድ ሆነው ይቀራሉ። «እሳት አመድ ወለደ» የሚለው ተረት እዚህ ቃል በቃል እውነት ነው፤ እያንዳንዱ ንዳድ ጥቀርሻውን ወስዶ ትንሽ አመድ ትቶ ይሄዳል። ዲፒኤፍ ላለው መኪና አመዱ የሚያንስ የዘይት ዓይነት የሚታዘዘው ለዚህ ነው።

እንግዲህ «ተደፍኗል» ሁለት ነገር ነው። በጥቀርሻ የተደፈነ በእሳት ይከፈታል። በአመድ የተደፈነ በእሳት አይከፈትም፤ ተፈትቶ መጽዳት ወይም መለወጥ አለበት።

ይህን በቅርብ ማየት ይቻላል። መካኒኩ ከመኪናው ኋላ ተንበርክኮ ጨርቅ የጠቀለለ ጣቱን በቀዘቀዘ የጭስ ቱቦ ጫፍ ውስጥ ያዞራል። ማጣሪያው ጤናማ ከሆነ ጨርቁ እምብዛም አይጠቁርም፤ ጥቀርሻው ከላይ ተይዟልና። ጨርቁ እንደ ድስት ቂጥ ከጠቆረ ሸክላው ተሰንጥቋል ወይም ከዚህ በፊት አንድ ሰው አውጥቶታል ማለት ነው። ቀጥሎ ኮምፒውተሩን ሰክቶ በማጣሪያው በፊትና በኋላ ያለውን የግፊት ልዩነት ያነባል።

«ጋሼ፣ ተደፍኗል፤ ወይ አዲስ ይገዛል ወይ ሆዱን አውጥተን ባዶውን እንመልሰው» ሲል ባለመኪናው ሊመልስለት የሚገባ ቃል አለ።

«በጥቀርሻ ነው በአመድ? እስቲ እሱን ለይልኝ።»

መብራቱ ገና እንደበራ ከሆነና መኪናው ብዙ ካልተነዳበት መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ጥቀርሻ ነው። ያኔ በአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ሞተሩን ሳያጠፉ የሚሄዱት አንድ ጉዞ፣ ወይም መካኒኩ በኮምፒውተሩ ትእዛዝ ማቃጠሉን ማስጀመሩ ሊበቃ ይችላል። ጥቀርሻው ለምን እንደበዛም መጠየቅ አለበት፤ ናፍጣ የሚረጨው ኖዝል ሲያንጠባጥብ ወይም ነፋስ የሚያስገባው ቱቦ ሲሰነጠቅ ማጣሪያው ቢለወጥም ያው ተመልሶ ይደፈናል። መኪናው ረጅም ዕድሜ የሠራ ከሆነና ከተቃጠለም በኋላ የግፊት ልዩነቱ ካልወረደ አመድ ነው፤ በሚያውቅ ባለሙያ ተፈትቶ፣ ተጋግሮና በነፋስ ተነፍቶ መጽዳቱ ከመግዛቱ በፊት ይሞከራል። በከፍተኛ ግፊት ውሃ መደብደብ ግን ሸክላውን ሊሰብረው ይችላል።

ማርሚታ

ማጣሪያው ያሳለፈው ጭስ ወደ ማርሚታ ይሄዳል። በጣሊያንኛ «ማርሚታ» ትልቅ የወጥ ድስት ነው፤ የሞተሩን ጩኸት የሚያፍነው ቆርቆሮ ድስት ስለሚመስል ስሙ ተላለፈለት። ጣሊያኖች ቃሉን የወሰዱት ከፈረንሳይኛ ነው፤ በጥንቱ ፈረንሳይኛ ደግሞ «ማርሚት» ግብዝ፣ ውስጡን የሚደብቅ ሰው ማለት ነበር። ጥልቅና ክዳን ያለው ድስት የያዘውን ስለሚሸሽግ በሰውየው ስም ተጠራ። ድስቱ ወደ አማርኛ ሲሻገር የወጥ ድስትነቱን ጥሎ የመኪናውን ዕቃ ብቻ ይዞ መጣ።

አፍንጫ

ቃላቱ የሚያበቁት እኛ ላይ ነው። ግእዝ አፍንጫን አንፍ ይለዋል፤ ዐረብኛም «አንፍ» ይላል። አማርኛ ንና ፍን ቦታ አለዋወጠና ጫን ጨመረበት። ጥንታዊው ቅደም ተከተል ግን አልጠፋም፤ ውሻ ሲያሸት «አነፈነፈ» እንላለን፣ እዚያ ላይ ን ከፍ ትቀድማለች። በአፍንጮ በር ሰፈር ስም ውስጥ ያለው «አፍንጮ» ደግሞ እንደ ጥርሶና እንደ ቀዮ የቅጽል ስም መልክ አለው። በጋራዥ የምንሰማው ኖዝል እንኳ በእንግሊዝኛ «ትንሽ አፍንጫ» ማለት ነው። አንድ ሰፈር በአፍንጫ ስም ሲጠራ፣ ናፍጣ የሚረጨው ብረትም በአፍንጫ ስም ተጠርቷል።

«ሆዱን አውጥተን ባዶውን እንመልሰው» የሚለውን ምክር እዚህ ላይ መመዘን ይገባል። ርካሽ ነው፤ መብራቱም በዘዴ ይጠፋል። ነገር ግን ማጣሪያ ከመኪናው ሲወጣ የማጣራቱ ሥራ አይቀርም፤ ወደ ሰው አፍንጫ ይዛወራል። አፍንጫ ደግሞ ሻካራውን አቧራ እንጂ የናፍጣን ደቃቅ ብናኝ አይዝም፤ እሱ እስከ ሳንባ ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በሰኔ 2004 ዓ.ም. የናፍጣ ሞተር ጭስን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። አቀበት ላይ የሚቆመው ታክሲ ጠባቂ፣ ዳር ላይ በቆሎ የምትጠብሰው እናት፣ ወደ ስድስት ኪሎ በእግሩ የሚወጣው ተማሪ ለዚያ ማጣሪያ ዋጋ በሳንባቸው ይከፍላሉ። ባለመኪናው ያልከፈለውን እነሱ መክፈል የለባቸውም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ማርሚታ የሌላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች በመንገዳችን ላይ እየበዙ ነው። ማርሚታ፣ ካንዴላ፣ ፊልትሮ ከብረቱ ጋር ቀስ በቀስ ይሄዳሉ። የደስታ ተክለ ወልድ ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም.፣ የመምህሩ የኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት ደግሞ በ1948 ዓ.ም. ሲታተሙ የገበሬውን፣ የሸማኔውን፣ የቤተ ክህነቱን ቃል በፍቅር ሰብስበው ነበር። የመካኒኩ ቃል ያንን ያህል ሰብሳቢ አላገኘም። ይህ ሥራ ዛሬ መሠራት አለበት፤ የዕቃዎቹን የጣሊያን ስሞች የሚያውቁት ሽማግሌ መካኒኮች በሕይወት ሳሉ፣ ከሶማሌ ተራ እስከ አፍንጮ በር እየዞሩ መመዝገብ ያስፈልጋል። ከስሞቹ ይልቅ ግን ግሦቹ ላይ መበርታት ይሻላል። ደፈነና ዳፈነ፣ ጥቀርሻና አመድ፣ ታፈነና ተነፈሰ የመኪናውን ሕመም ለይተው የሚነግሩን እነሱ ናቸው። በደንብ የሚለይ ቃል ያለው ሰው በደንብ ይጠይቃል፤ በደንብ የጠየቀም የማይገባውን ዋጋ አይከፍልም፣ በሌላውም አያስከፍልም።